አሥር ብሩ ላይ የተጨመረው መስመር

ማንበብ የማልችለውን ጽሑፍ ይዘህ ተገኘህ ተብዬ ሁለት ዓመት ታሰርኩ። ነገሩ ይኸው ነው።

ከእንጦጦ ያወረድኩትን አጠና ሾላ ገበያ ሸጬ ስመለስ መንገድ ላይ ፈተሹኝ። ከኪሴ ከወጣው ብር አንዱ አሥር ብር ጠርዙ ላይ ደርግን የሚሰድብ መስመር በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። ማን እንደጻፈው እስከ ዛሬ አላውቅም።

መርማሪው ብሩን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋና «አንብብ» አለኝ።

«አሥር ብር።»

«ከዳር ያለውን!»

«እሱም አሥር ብር ነው እንጂ ሌላ ምን ይላል፣ ጌታዬ?»

መቀለዴ አልነበረም። እኔ ብር የምለየው በሥዕሉ ነው። ቡና ለቃሚው አምስት፣ ስፌት የምትሰፋዋ ሴት አሥር። የቀረው ጭረት ሁሉ መንግሥት ያደረገው ይመስለኝ ነበር። ተሳለቅህብን ብለው ውስጥ እግሬን ገረፉኝ።

የታጎርንበት ክፍል የተወረሰ ቤት ጋራዥ ነው፤ የናፍጣው ሽታ አልለቀቀውም። ከጎኔ የሚተኛው የኮተቤ ልጅ፣ ወጣት አስተማሪ ነበር። ለምን እንደታሰርኩ ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ወዲያው አፈረ። ለሻይ ያስቀራትን አሥር ብር አወጣና በበሩ ስንጥቅ ወደሚገባው ብርሃን አስጠጋት።

«ጋሼ፣ ይሄ የባንኩ ስም ነው። ይሄ ፊርማ። ይሄ ደግሞ ቁጥሯ። የእርስዎም የእኔም አሥር ብር ሥዕላቸው አንድ ነው፤ ቁጥራቸው ግን አይገጥምም። እያንዳንዷ የራሷ አላት።»

«በእስክሪብቶ የተጻፈውስ?»

«መንግሥት ብር ላይ በእስክሪብቶ አይጽፍም። ያትማል።»

«የእኔን ክስ በምን ጻፈው ታዲያ?»

«እሱንማ በእስክሪብቶ» አለ። ሳቅን።

ፊደል የቆጠርኩት በዚያች ብር ነው። በእሷ ላይ ያለውን ስንጨርስ ግድግዳው ላይ በከሰል ቀጠልን። መስመር ሙሉ ማንበብ ስጀምር ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እንዳያውቁብዎ፣ ጋሼ። የሚያወጣዎት ማንበብ አለመቻልዎ ነው» አለኝ።

አንድ ቀን ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ፊቱ ፈክቷል።

«መሃይም መሆንህን አረጋግጠናል። ቃልህን ጽፈንልሃል፤ አውራ ጣትህን አሳርፍና ቤትህ ግባ።»

ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ ወረቀቱን አየሁት። ብሩ ላይ ጽፎ የሰጠኝ አስተማሪው ነው ይላል፤ የልጁ ስም ከነአባቱ አለበት። የቀለሙ ሳጥን ተከፍቶ ይጠብቀኛል። ልጆቼ ታዩኝ።

«እኔ ይህን አላልኩም። ልጁን ያወቅኩት እዚሁ ነው።»

«ማን አነበበልህ?»

«ራሴ።»

ወረቀቱን ከፊቴ ሳበ። ከዚያ ፈገግ አለ። «ታነባለህ በለኛ! ያንንም ብር አንብበኸዋል ማለት ነው።»

ወደ ጋራዡ መለሱኝ። ለአስተማሪው ስነግረው ተቆጣ። «ምነው ጋሼ፣ ልጆችዎ ጋ አይገቡም ነበር?» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በሳምንቱ ልብሱን ሳይዝ እንዲወጣ ተነገረው። ብሯን እጄ ውስጥ ጨምሮልኝ ወጣ። አልተመለሰም። የእኔ እምቢታ ለእሱ የፈየደው አንድ ሳምንት ነው። ለዚያ ሳምንት እኔ ዓመት ከምናምን ተጨመረብኝ። አልተጸጸትኩም፤ ግን ደግ ሠራህ የሚለኝን ሰው አልወድም።

የምፈታ ቀን የቀለሙን ሳጥን ገፋ አደረጉልኝ። እስክሪብቶ ስጡኝ አልኩ። ተያዩ፤ ሰጡኝ። ስሜን ከነአያቴ ጻፍኩ። ቤቴ ገብቼ ሳልጠግብ ቀበሌው መሠረተ ትምህርት ካልተመዘገብክ ትቀጣለህ አለኝ።

ዛሬም ብር ስቀበል ቁጥሩን አነባለሁ። ባለሱቆቹ ሐሰተኛ የምፈልግ ይመስላቸዋል። የልጁን ብር እዚያው እስር ቤት ፍተሻ ላይ ወስደውብኛል፤ ቁጥሯን ግን በቃሌ ይዣለሁ። ብሩ ስንት ጊዜ ተቀየረ፣ ያቺ ወረቀት ድሮ ተቃጥላለች፤ ቢሆንም እፈልጋታለሁ። ለአንዲት አሥር ብር የራሷን ቁጥር የሰጠ መንግሥት ለልጁ መቃብር ምልክት አላደረገለትም። የእሱ መዝገብ የት እንደገባ የነገረኝ የለም። የእኔ ግን «ማስረጃ አልተገኘም» ተብሎ ተዘግቷል፤ በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ የካቲት 16 ቀን 1972 ዓ.ም.