እሬት የገባበት ሙጫ

ባለፈው እሁድ የልጄ ልጅ ናኦድ ከትምህርት ቤት የታዘዘውን የወረቀት አውሮፕላን ሲገጣጥም ግራ ክንፉ ላይ ሲደርስ ሙጫው አለቀበት። በእሁድ ጠዋት ለአንዲት ብልቃጥ ሙጫ ብዬ የደሴን ዳገት ስወጣና ስወርድ ልዋል ብል ጉልበቴ እሺ ስለማይለኝ፣ አንድ እፍኝ የስንዴ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ፣ እንዳይጓጉልብኝ እያማሰልኩ እሳት ላይ ጣድኩ። ልጁ አንገቱን አስግጎ ድስቱን አየና ይሄማ አጥሚት ነው ብሎ ሳቀብኝ፤ እኔም ቆይ፣ ታየዋለህ አልኩት። ድስቱ ፈላ ፈላ ማለት ሲጀምር፣ ያ ጥሬም ብስልም ያልሆነ የዱቄት ሽታ ወደ አፍንጫዬ ሲወጣ ግን ምራቄ መረረኝ። ዱቄቱ ምንም አልሆነም፣ ደህና ዱቄት ነው። ምሬቱ ካደግሁበት ከመካነ ሰላም ድረስ ተከትሎኝ የመጣ ነው።

ያን ክረምት አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። በልጉ ጭራሽ ሳይመጣ የቀረበት፣ ክረምቱም ዘግይቶ መጥቶ ቶሎ የሄደበት፣ ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ጎረቤቱን ሰላም ከማለቱ በፊት ሰማዩን የሚያይበት ዓመት ነው። አባቴ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ዘበኛ ስለነበር እኛ ቤት በወር በወሩ ትንሽም ብትሆን ደሞዝ ትገባለች፤ ባንጠግብም ቀምሰን እናድራለን። ከአጥራችን ማዶ ያሉት አያ ሁሴን ግን ገበሬ ናቸው፤ የገበሬ ደሞዙ ዝናብ ነው፣ እሱ ደግሞ ቀርቷል። ታናሽ ወንድማቸው ከነቤተሰቡ በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ ለመውጣት ቆርጦ፣ ጉልበት ሳለን አብረን እንሂድ እያለ ይወተውታቸው ነበር። ልጃቸው ሉባባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከቀሚሴ ጫፍ የማትላቀቅ፣ የሺ የሚለውን ስሜን የሽዬ እያለች የምታሞላቅቀኝ፣ ወሬኛ ቢጤ ልጅ ነበረች።

ጋሼ አስራት የሳይንስ አስተማሪያችን ነው። ያኔ እርስዎ እለው የነበረውን ሰው ዛሬ እሱ ስለው ምላሴን አያደናቅፈኝም። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት፣ ሲስቅ ክፍሉን በሙሉ የሚያስቅ ሰው ነበር፤ መቀስና ማስመሪያ ሰጥቶኝ ከወንዶቹ የአንቺ እጅ ይበልጣል ያለኝ የመጀመሪያው ሰውም እሱ ነው፤ ስለዚህ ብወደው አይፈረድብኝም። ነሐሴ መባቻ ላይ፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ነው ተብሎ ከተማው ሁሉ ቀይ ቀለም ሲቀባ፣ ስምንት ልጆች መርጦ ባዶ ክፍል ውስጥ ሰበሰበንና ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሆዱ የሰፋ አውሮፕላን ሣለልን። እህል የሚጭን አውሮፕላን ነው አለን። መንግሥት ሊልክልን ነው፤ ሕዝቡ ደግሞ አውሮፕላን በሰማይ ሲያልፍ እንጂ መሬት ላይ ሲያርፍ አላየም፤ እንዳይደነግጥ እኛ አስቀድመን በወረቀት ትልቅ አድርገን ሠርተን እናሳየዋለን፤ እህሉ የሚወርድበትን በር የምትሠራው የሺ ናት አለ። ለማንም አትናገሪ ቢለኝ ኖሮ ምን ነበረበት! አላለኝም፤ ገና ሳይመሽ እኔና ሉባባ ለሰፈሩ በሙሉ አዳረስነው።

ወረቀቱን ከየት ከየት እንደለቃቀምነው ብታዩ ትስቃላችሁ፤ የሲሚንቶ ከረጢት፣ የደብተር ሽፋን፣ ያለፈው ዓመት የፈተና ወረቀት፣ ከጤና ጣቢያ የተለመነ የመድኃኒት ካርቶን። የጎድን አጥንቱን ከካርቶኑ ቆርጠን በላዩ ላይ ወረቀት እናለብሳለን፣ ሲደርቅ እንደገና እናለብሳለን፣ በጥፍራችን ስንመታው ከበሮ እስኪመስል ድረስ። አፍንጫው ላይ የአንዱ ልጅ የሒሳብ ፈተና ከነዜሮው ተለጥፎ ስለወጣ፣ ሌላ ወረቀት ካልተደረበበት አልሠራም ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈን። ክንፉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ነው በክፍሉ በር እንደማይወጣ ያስተዋልነው፤ ጋሼ አስራት ራሱን ይዞ ሳቀ፣ እኛም ክንፎቹን እየተነቀሉ የሚገጠሙ አድርገን ሀ ብለን ጀመርን። የእኔ በር ሆዱ ላይ ነበረች፤ ወፍራም ካርቶን፣ ማጠፊያዋ ከአሮጌ ሸራ ጫማ የተቀደደ ጨርቅ፣ መጎተቻዋ ክር። ክሩን ላላ ሲያደርጉት ቁልቁል ትዘረጋለች፣ ሳብ ሲያደርጉት ትዘጋለች። ሉባባ በቀን ስንት ጊዜ እንደምትከፍታት አትጠይቁኝ።

ሙጫው ከዱቄት ነው። በዚያ ዓመት፣ ከዱቄት! የበዓሉ ኮሚቴ የሰጠን ስንዴ ዱቄት ነበር፤ ምሳ ሰዓት አብርደን ትተነው የሄድነው ሙጫ ከሰዓት ስንመለስ ጎድሎ እናገኘዋለን። ጋሼ አስራት አይጥ ነው አለ። አይጦቹ እኛ እንደሆንን እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን፤ ሉባባ አገጭ ላይ የደረቀውን ሙጫ በምራቄ የጠረግሁላት እኔ ነኝ። በማግስቱ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር የበቀለውን እሬት እንድቆርጥ አዘዘኝ። ቅጠሉን ጨምቄ ድስቱ ውስጥ ስጨምር፣ ለአይጡ ነው አለኝ፣ ዓይኑን ከዓይኔ አሽሽቶ። ከዚያ ወዲያ ሙጫ ጎድሎ አያውቅም። ሉባባ አንድ ጊዜ ቀምሳ አፏን አጣማ አየችኝ፤ እኔ መሆኔን አውቃ ነበር መሰለኝ፣ ግን አላለቀሰችም።

ግራ ክንፉ ሲቀር ዱቄቱ አለቀና ጋሼ አስራት ከየቤታችን አንድ አንድ ጣሳ እንድናመጣ ነገረን። እናቴ የወረቀት ሆድ ልሙላ ወይስ የእናንተን ብላ አባረረችኝ። አጥር ሥር ቆሜ ሳለቅስ የሰሙኝ አያ ሁሴን ናቸው። ቤት ገብተው፣ ከአፋቸው ነጥቀው ለዘር ያስቀመጧትን ስንዴ ፈትተው አንድ ጣሳ ሰፈሩ፤ ባለቤታቸውም እዚያው ፈጭታ ሰጠችኝ። ገበሬ ዘሩን ከነካ አበቃለት ማለት ነው። እሳቸው ግን አውሮፕላኑ ከመጣ ዘሩም አብሮት ይመጣል ብለው ነው፤ ወንድማቸውንም በዓሉ እስኪያልፍ ብቻ ጠብቀኝ አሉት። እኔ ዱቄቱን ታቅፌ፣ ትልልቆቹ ሲጽናኑ እንደምሰማው፣ አብሽሩ አያ አልኳቸው።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ማግስቱ ሰልፍ ሊሆን፣ ሁለት የኮሚቴ ሰዎች መጥተው አውሮፕላኑን ዞረው አዩት። ጋሼ አስራት እነሱን ሸኝቶ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል፣ በእጁም ቀይ ቀለም ይዟል። የሚፈለገው የጦር አውሮፕላን ነው፤ ሆዱ ላይ የሚንጠለጠለው ቦምብ ነው፣ በር የሚባል ነገር አያስፈልግም አለን። እህሉስ ብዬ ስጠይቀው ወደ ጥግ ወሰደኝና፣ የሚመጣ አውሮፕላን እንደሌለ፣ መጀመሪያውኑም እንዳልነበረ፣ እንድንበረታ ብሎ የተናገረው እንደሆነ ቀስ ብሎ ነገረኝ።

"በሩን ለጥፊው የሺ፤ ሌላ ሰው ከነካው ያበላሸዋል" አለኝ።

እዩልኝ እንግዲህ፣ በእጄ ሙያ አባበለኝ! እኔም ለጠፍኩት። በአያ ሁሴን ዱቄት፣ እሬት በገባበት ሙጫ፣ ሦስት ድርብ ወረቀት አልብሼ፣ ጠርዙ እንዳይታወቅ በጣቴ እየዳበስኩ ለጠፍኩት፤ ከላዩ ላይ ቀይ ተቀባ።

በማግስቱ ስምንታችን በትከሻችን ተሸክመነው በገበያው ሜዳ አለፍን። አያ ሁሴን ሉባባን አዝለው ከሕዝቡ ፊት ቆመዋል፤ ከሜዳው ዳር ወንድማቸው አህያውን ጭኖ፣ ልጆቹን አስከትሎ ይጠብቃቸዋል። ሰልፉ እፊታቸው ሲደርስ ቆም አለ። አያ ሁሴን ጎንበስ ብለው የአውሮፕላኑን ሆድ ከዳር እስከ ዳር አዩት፤ ሉባባም ከጀርባቸው ሆና ክሩን ስትፈልግ አየኋት።

"የሺ ልጄ፣ በሩስ?" አሉኝ።

እውነቱን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ጋሼ አስራት ከፊት ዞር ብሎ አየኝ፤ እሱን ፈራሁ ብል በቀለለኝ፣ ግን ፍርሃት አልነበረም፣ ሐፍረት ነው። ዱቄታቸውን ወስጄ፣ አብሽሩ ብዬ፣ አሁን የለም ማለት አቃተኝ።

"ከውስጥ ነው የሚከፈተው፣ አያ።"

አልሐምዱ ሊላህ አሉ፣ ፊታቸው ፈካ። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ዞሬ አየሁ፤ ወንድማቸውን አቅፈው ተሰናበቱት፣ እሱም ትንሽ ተከራክሯቸው አህያውን በአቀስታ መንገድ ነዳ።

ከዚያ በኋላ እስከ መስቀል፣ ከመስቀልም ወዲያ፣ በየጠዋቱ ሜዳው ዳር ተቀምጠው ሰማይ ሲያዩ ይውሉ ነበር፤ እኔም በሌላ መንገድ ዞሬ ማለፍ ለመድኩ። ሉባባ መጀመሪያ ወሬዋ ቀረ፣ ቀጥሎ ከመደብ መነሣቷ ቀረ። ጥቅምት ሳይጋመስ ሞተች። ከተቀበረች በሦስተኛው ቀን አያ ሁሴንና ባለቤታቸው ተነሡ፤ ሲሄዱ ራሴ ላይ እጃቸውን ጭነው መረቁኝ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። የት እንደደረሱ የሚነግረኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

አውሮፕላኑ ግን ከረመ። አባቴ በሚጠብቀው ግቢ፣ አዳራሹ ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ብዙ ዓመት ቆየ። የጽሕፈት ቤቱን ወረቀት ሁሉ አይጥ ሲጨርሰው እሱን ግን አልነካውም፤ አባቴን ይገርመው ነበር፣ እኔን አይገርመኝም። ጋሼ አስራትንም ከስንት ዘመን በኋላ እዚሁ ደሴ ሰርግ ላይ አገኘሁት። ሸብቷል፣ ሳቁ ግን ያው ነው፤ ክንፉ በበር አልወጣ ያለውን እያነሣ አብረውን የተቀመጡትን ሁሉ በሳቅ ገደላቸው። የሆዱን በር ግን አላነሣትም። ሉባባን ያስታውሳት እንደሆነ ጠየቅሁት፣ ማን ናት አለኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ እኔ ወጊም ተወጊም ነኝና መርሳት አልሆነልኝም። ምግቤን ትቼ ተነሣሁ። ከዚያ ክረምት በፊት የነበረችው የሺ፣ ሰው የነገራትን አምና ሳትጠራጠር የምታወራው ልጅ፣ አልፎ አልፎ ትናፍቀኛለች።

ሙጫው በርዶ ናኦድ ግራ ክንፉን ለጠፈ፤ ክንፉ ቀጥ ብሎ ቆመለት። አውሮፕላኑን ገልብጦ ሆዱን አገላብጦ አየና፣ እማማ በሩስ የት ነው አለኝ።

"በር የለውም ልጄ" አልኩት።

እሺ አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። ይኸው ነበር፤ ያን ቀን እንዲህ ብያቸው ቢሆን አያ ሁሴንም እሺ ብለው ወንድማቸውን ይከተሉ ነበር።