የተረፈው ተልባ

የልጅ ልጄን ለጭንቅላት ምርመራ ጎንደር ወሰድናት። እንዳትንቀሳቀስ ብላ ነርሷ የሚያስተኛ ሽሮፕ ሰጠቻት። ሽታው ሲመጣብኝ ስሙን ሳልጠይቅ አወቅሁት፤ ክሎራል ሃይድሬት። ጣፋጭ መስሎ አፍንጫ ይሰረስራል።

በደርግ ጊዜ ደባርቅ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። ሰዉ ዶክተር ይለኛል፤ እኔም ደስ ስለሚለኝ አላርምም። ክሎሪንና አልዴሃይድ የተጋቡበት ነው ይለን ነበር መምህራችን ስለዚህ መድኃኒት። ነጭ ነው፣ እንደ ደቃቅ ጨው፤ ውሃ ሲነካው ወዲያው ይሟሟል። ጉሮሮ ስለሚያቃጥል ግን በወፍራም የተልባ ውሃ በጥብጠን ነበር ለሕክምና የምናስተኛትን በቅሎ የምንግታት።

ሰኔ ላይ መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና አላልፍ ሲል፣ ወታደሮች ስንቅ የሚጭኑባቸው በቅሎዎች ፈለጉ። በገበያ ቀን በቅሎ ያለው ሁሉ ሜዳው ላይ ይቅረብ ተባለ፤ የሚነዳትም ሰው አብሮ ይዘምታል። ደህናዋን ከበሽተኛዋ የምለየው እኔ ነኝ።

የዚያን ዕለት ጠዋት እትዬ ዘነበች መጡ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከዳባት እህል እያስመጡ የሚሸጡ ሴት ናቸው። በቅሏቸውን የሚነዳው አንድ ልጃቸው ነው።

«ልጄ፣ በቅሎዋስ ትሂድ። ልጁን ግን እንዴት ብዬ ልስጣቸው?» አሉኝ።

አንጀቴን በሉት። መድኃኒቱን በተልባ በጥብጬ በቅሏቸውን ጋትኳት። ገብስ በበቅሏቸው ጭነው ሊሸጡ ከበየዳ የወረዱት አያ ደሴ አጥሩ ጋ ቆመው ሁሉን አዩ። ቆሎም ዘገኑልኝ።

ሜዳው ላይ የበቅሎዋ ከንፈር ተንጠለጠለ፣ ጉልበቷ ከዳት፣ ተኛች። በሽታዋ ይጋባል ብዬ ለአሥር አለቃው ነገርኩት። ፈጥኖ ራቀና በምትኳ የአያ ደሴን በቅሎ መረጠ።

አያ ደሴ ገመዱን እንደያዙ ጠጋ አሉኝ።

«ዶክተር፣ ለኔዋስ ትንሽ ተልባ አልተረፈም?»

ተርፎ ነበር። ጣሳው ውስጥ እስከ ግማሽ ድረስ ነበር። ሁለተኛ በቅሎ ከወደቀች ይነቃብኛል ብዬ ፈራሁ።

«አልተረፈም፣ አያ» አልኳቸው።

አልተቆጡም። ገብሱን ቤቴ አድርስልኝ ብለው በቅሏቸውን እየነዱ ሄዱ። ገብሱን አደረስኩ። እሳቸውም በቅሏቸውም አልተመለሱም።

የእትዬ ዘነበች በቅሎ ማታውን ተነስታ ሣር ጋጠች። ልጃቸው ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ ባገኘኝ ቁጥር እጄን ይስማል። እጄን መንጠቅ ያምረኛል፤ ግን ምን ብዬ?

የልጅ ልጄ ነቃች፣ ውሃ አምጡልኝ አለች። እግዚአብሔር ይመስገን። ነርሷ ጠርሙሱን ብርሃን ላይ አንስታ አየችና ክዳኑን አጠበቀች።

«ተርፏል» አለችኝ፣ «ለሌላ ልጅ ይሆናል።»

ያኔም ይሆን ነበር።