ፀጉር አስተካካዩና የአይጥ ጢም

ፀጉር አስተካካዩ ለአንድ አረም ብሎ ታላቅ እህቱን ከቤት አባረራት ይባላል።

ወሬው በዚህ ቢያቆም ጥሩ ነበር፤ ግን ወሬ እግር እንጂ መቀመጫ የለውም። ጠዋት ካፌው በረንዳ ላይ ሲነሳ «ተቆጣት» ነበር። የተናጋሪው ሻይ ሳይቀዘቅዝ «ሰደባት» ሆነ። ምሳ ሰዓት ላይ ሻንጣዋን በአጥር ወረወረላት። አመሻሹ ላይ ደግሞ አረሙን ገንዞ፣ ዕንባውን እንደ ቧንቧ እያወረደ፣ ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት ቀበረው። ቀባሪዎቹም ሰፋፊ ኮፍያ ያደረጉና አጉሊ መነጽር በአንገታቸው ያንጠለጠሉ ነበሩ ተባለ። ይህን ሁሉ በዓይኔ በብረቱ አየሁ የሚለው ልብስ ሰፊው ነው። ሱቁ ከፀጉር ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ መኖሪያውም ከፀጉር አስተካካዩ ቤት ጋር አጥር ለአጥር ነው። ስለዚህ ሥራ ቦታ ያመለጠውን ወሬ ቤቱ ሲገባ ያገኘዋል።

ለማመን ግን ያስቸግራል። ይህችን ታላቅ እህቱን፣ እትዬን፣ የሚያውቅ ሰው ይህን ወሬ ሲሰማ መጀመሪያ የሚስቀው በ«አባረራት» ላይ ነው። እሷን ከቤት ለማስወጣት ቀድሞ ቤቱን ከእሷ ላይ ማንሳት ይጠይቃል። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከወንድሟ ጋር ስትኖር በዚያ ቤት ውስጥ አንዲት ብናኝ ሳታስፈቅድ አርፋ አታውቅም። ነፋስ እንኳ በደጃፏ ሲያልፍ አቧራውን በጉያው ሸሽጎ ነው የሚያልፈው። ደግሞም ልብስ ሰፊው በፀጉር አስተካካዩ ላይ የቆየ ቂም አለው። ቂሙ ግማሽ ጢም ያህል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፀጉር ቤቱ በላይ ባለው ፎቅ አንድ አዳራሽ አለ፤ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ የአገር በቀል ዕፅዋት ወዳጆች ክበብ ይሰበሰብበታል። ፀጉር አስተካካዩ ስለ ዕፅዋት የሚያወሩ መሆናቸውን አያውቅም ነበር። እሱ የሚያውቀው ወንበር እንደሚጎትቱ ብቻ ነው። አጎታተታቸው ደግሞ ዝሆን ቁም ሳጥን ይዞ ቤት የሚቀይር ይመስላል። ወንበር በተጎተተ ቁጥር መስተዋቱ ይንቀጠቀጣል፣ ምላጩ ያመነታል፣ የደንበኛው ነፍስም ወጥታ ትመለሳለች። አንድ ሐሙስ የልብስ ሰፊውን ጢም ግማሹን ላጭቶ ወደ ሌላው ጉንጭ ሲሻገር ከላይ አንዱ ወንበር ተጎተተ፤ ምላጩም ጆሮውን ለጥቂት ሳተው።

«ቆየኝማ፤ እነዚህን ሰዎች ልክ አስገብቻቸው ልምጣ» ብሎ ፎጣው ትከሻው ላይ እንዳለ፣ ምላጩንም ሳያስቀምጥ ደረጃውን ወጣ።

«ቶሎ በል እንግዲህ፤ አረፋው ይደርቃል!» አለው ልብስ ሰፊው።

አረፋው ደረቀ። ከዚያም እንደ በጋ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። ልብስ ሰፊው እንደሚለው ከሆነ የተላጨው ጉንጭ እንደገና እስኪያበቅል ድረስ ጠብቋል።

ላይ አዳራሹ ጨለምለም ብሏል። የክበቡ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ ግድግዳው ላይ የሁለት ቅጠሎች ፎቶ አብርተው ያስረዳሉ። «እነዚህ ሁለቱ እናታቸው እንኳ አትለያቸውም። የሚለዩት በፀጉር ነው። የዚህኛው ቅጠል መላጣ ነው። የዚያኛው ጀርባ ላይ ግን ስስ ፀጉር አለ፤ በአጉሊ መነጽር ስታዩት ሁሉም ወደ አንድ በኩል ተበጥሮ ታገኙታላችሁ።»

ፀጉር አስተካካዩ ለጠብ የከፈተው አፉ እንደተከፈተ ቀረ። መምህርቷ ምላጭ የጨበጠ ሰው በሩ ላይ መቆሙን አዩና በትሕትና «ጥያቄ አለዎት?» አሉት።

«አዎ» አለ እየተንተባተበ። «ማን ነው ያበጠረው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ ወንበር ሳበችለት፤ በራሱ ጣሪያ ላይ ወንበር አስጎትቶ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ፀጉር ቤቱ ዝግ ሆነ። ክበቡ ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዝ ለወንዝ፣ ገደል ለገደል ይዞራል። የማይጣስ ሕግ አለው፤ ተክል አይነቀልም፣ አይቀነጠስም። አንድ ሰው አዲስ ነገር ሲያገኝ አጠገቡ ቆሞ ስለ ተክሉ ይናገራል፤ ሌላው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያዳምጣል። ተናጋሪው እስኪጨርስ ማንም አያቋርጠውም።

ፀጉር አስተካካዩን የማረከው ይህ ሕግ ነው። ፀጉር አስተካካይ ማለት መቀስ የያዘ ጆሮ ማለት ነው። የሰፈሩን ፍቺ፣ የደም ግፊት፣ የአማት ጠብ፣ የእግር ኳስ ዳኛ በደል ሁሉ ሲሰማ ኖሯል። እሱ አንዲት ነገር ሊናገር ሲል ግን ደንበኛው «እዚህ ጋ ትንሽ ቀንስልኝ» ይለዋል። ቤት ሲገባ ደግሞ እትዬ «እግርህን ጠርገሃል?» ትለዋለች። በዕድሜው ሙሉ አንድን ነገር ጀምሮ እስከ መጨረሻው የተናገረበት ቀን ትዝ አይለውም። ስለዚህ የመናገር ተራው እንዲደርሰው ጓጓ፤ ጉጉት ደግሞ ዓይን ያጠፋል።

አንድ ቅዳሜ ክበቡን በሙሉ አስከትሎ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰደ። በመጠበቂያ ክፍሉ ጥግ እንዲህ ያለ የሚያብረቀርቅ ቅጠል፣ ክረምት ከበጋ የማይጠወልግ፣ ማንም ውሃ ሲያጠጣው ያልታየ ድንቅ ተክል አግኝቷል። ታማሚዎቹ ቦታ ለቀቁላቸው። እሱም ጉሮሮውን ጠራርጎ «የተከበራችሁ የክበባችን አባላት» ብሎ ሲጀምር፣ የጽዳት ሠራተኛዋ መጣችና ተክሉን ከነሥሩ መዝዛ በሳሙና አጠበችው።

«ላስቲክ ነው እኮ» አለች፣ የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ማረፉ ግራ ገብቷት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ባለ ላስቲኩ» ሆነ። እትዬም ሰማች፤ የላስቲክ ሳህን ባጠበች ቁጥር «ይኸውልህ፣ የዘመዶችህን ገላ እያጠብኩልህ ነው» ማለት አመጣች።

ዝናብ የሚጀምርበት ወቅት ሲቃረብ፣ ሐሙስ ዕለት መምህርቷ የአንዲት ድንክ ተክል ፎቶ አሳዩ። ቁመቷ ከስንዝር አይበልጥም፣ አበባዋ ቢጫ ነው፣ በአበባዋ ዙሪያ ደግሞ ቀጥ ቀጥ ያሉ ነጫጭ ፀጉሮች አሏት። የአይጥ ጢም ይሏታል። «ድሮ በየግድግዳው ሥር ነበረች» አሉ መምህርቷ። «ከተማው ሲሚንቶ ሲለብስ ጠፋች። ስንፈልጋት ኖረን አላገኘናትም።»

ፀጉር አስተካካዩ ከወንበሩ ዘለለ። «ይቺማ እኛ ጓሮ አለች! ልብስ ማጠቢያው ሥር፣ ግድግዳው የተሰነጠቀበት ጋ!»

«በሳሙና ሞክረሃታል?» አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ ሳቀ።

መምህርቷ አልሳቁም። «ቅዳሜ መጥተን እናያለን። የሚናገሩላት እርስዎ ነዎት» አሉት።

ቤቱ ሮጦ ሄደ፤ ጉልበቱን አጥፎ በአጉሊ መነጽር አያት። ናት። ጢሟ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከሚያንጠባጥበው ቧንቧ ሥር ተሸሽጋ፣ ጉንዳን እንግዳ እያስተናገደች ትኖራለች። ቅዳሜ ከተሳካ ላስቲኩ ይረሳል፣ ሰው ቆሞ ይሰማዋል። ካልተሳካ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ባለ ላስቲኩ ነው።

ለእትዬ ስለ ተክሏ ትንፍሽ አላለም፤ ደግሞ ሳህን ልታጥብበት ነው ብሎ ፈራ። እንዲህ ብቻ አላት፦ «እትዬ፣ ቅዳሜ እንግዶች አሉብን።»

«ምን ዓይነት እንግዶች?»

«የተማሩ፣ ትልልቅ ሰዎች። አትጨነቂ፣ ቤት አይገቡም፤ ጓሮውን ለማየት ነው የሚመጡት።»

«ጓሮውን? የኛን ጓሮ?»

«አዎ። እንዳለ ነው የሚያዩት፤ ምንም አታድርጊ።»

ሰው ምን ይበል! እትዬን «ምንም አታድርጊ» ማለት ወንዝን «ባለህበት ጠብቀኝ» እንደማለት ነው። የተማረ ሰው ጓሮዋን እንዳለ ሊያይ መጣ ማለት፣ ገመናዋን ሊቆጥር መጣ ማለት ነው። አርብ ወንድሟ ሥራ እንደሄደ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ተነሳች። የነቀለችውን ነቀለች፣ የፋቀችውን ፋቀች፣ በመጨረሻም በረኪና በባልዲ ለቀቀችበት። ማታ ጓሮው እሱ በሕይወቱ ከላጨው ጭንቅላት ሁሉ በላይ ተላጭቶ ነበር። እሱ አምሽቶ ገባና ንግግሩን በልቡ እየደጋገመ ተኛ። ጠዋት ደግሞ በቀጥታ እንግዶቹን ሊቀበል መንገድ ላይ ወጣ።

ክበቡን እየመራ በጎን በኩል ወደ ጓሮ ሲገባ መጀመሪያ የተቀበለው ሽታው ነው። ከዚያ ንጣቱ። ወደ ስንጥቁ አየ፤ ስንጥቁ ጥርስ እንደሌለው አፍ ባዶውን ተከፍቷል። ክው አለ።

እትዬ በሩ ላይ እድፍ የሌለበት ሽርጥ ለብሳ ቆማለች፤ ፊቷ እንደ ሜዳልያ ያበራል። «ግቡ፣ ግቡ! የሚያሳፍር ነገር አታገኙም» አለች።

ከኋላ አንድ ሰው «ላስቲክ» ብሎ ሳል አስመሰለ። መምህርቷ ዞር ብለው አዩት፤ ሳሉ ወዲያው ዳነ።

ፀጉር አስተካካዩ ስንጥቁን አየ፣ እህቱን አየ። አንድ ቃል ይበቃው ነበር፤ እሷ ነች ቢል ነፃ ይወጣል፤ እሷ ግን በእንግዶች ፊት በቁሟ ትቀልጣለች። ይህን አደረገች ብሎ ሊያሳፍራት አፉ እምቢ አለው።

«እዚህ ነበረች» አለ። «ጓሮውን ለእንግዳ ብዬ ሳጸዳ… እኔ ነኝ ያጠፋኋት። ግን ተራዬ ስለሆነ ልናገርላት።» እናም ለባዶ ስንጥቅ መናገር ጀመረ። ግንዷ ወደ ቀይ እንደሚያደላ፣ ጢሟ ውሃ ሲነካው እንደማይተኛ፣ ጉንዳኖቹ በየት በኩል እንደሚወጡባት ተናገረ። የበረኪናው እንፋሎት ዓይኑን እያቃጠለው ዕንባው ይወርዳል፤ እጁን ወደ ኋላ ስላጣመረ አይጠርገውም። ማንም አላቋረጠውም።

ያቋረጠችው እትዬ ናት። ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ስትንገበገብ ነበር። «ቆይ፣ ቆይ! እሱ ነው ያጸዳው? እሱ? መጥረጊያ በየት በኩል እንደሚያዝ የማያውቀው ሰውዬ? ወገቤ እስኪቆረጥ ያጸዳሁት እኔ ነኝ! ያቺን ባለ ጢሟንም የነቀልኳት እኔው ነኝ!»

«ታዲያ የት ጣሏት?» አሉ መምህርቷ እንደ ቀስት ተወርውረው።

«የት እጥላታለሁ? ቆሻሻ ሰብሳቢው ሰኞ ነው የሚመጣው፤ ከረጢቱ ይኸው በር ጋ ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን እትዬ ዓይኗን ጨፍና ነው ያሳለፈችው። የተማሩት ትልልቅ ሰዎች ከረጢቱን እዚያው ያበራችው ሲሚንቶ ላይ ዘረገፉት። ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፍተው፣ አጉሊ መነጽራቸውን አንጠልጥለው፣ ተንበርክከው እፍኝ በእፍኝ አበጠሩት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ ለአንዲት የአይጥ ጢም ሲባል የጓሮው ሥራ ሁሉ ገደል ገባ። በመጨረሻ መምህርቷ የጠወለገች አንዲት አገዳ በሁለት ጣት አንስተው ወደ ብርሃኑ አዞሩ።

«ናት» አሉ ቀስ ብለው።

ሳል የነበረበት ሰውዬ ኮፍያውን አወለቀ። ከደረቀው አበባ ላይ ከፀጉር ብጣሽ ያነሱ ዘሮች የፀጉር አስተካካዩ መዳፍ ላይ ፈሰሱ። መምህርቷ ሥሯ ከግድግዳው ውስጥ እንዳልወጣ አዩና «በረኪናው ካልገደላት ራሷ ትመለሳለች፤ ከገደላትም ዘሩ አለ» አሉ። እሱም ከኪሱ ማበጠሪያውን አውጥቶ በጫፉ ዘሩን ስንጥቁ ውስጥ እያስገባ አፈር መለሰበት። ሌሎቹ ዙሪያውን አንገታቸውን አቀርቅረው ቆሙ።

በዚህ ጊዜ ነው ልብስ ሰፊው በአጥሩ ላይ ብቅ ያለው።

ዝናቡ ሲጀምር ከስንጥቁ ሁለት ቅጠል ወጣ። ከሥሩ ይሁን ከዘሩ እስካሁን ክበቡን እያከራከረ ነው። እትዬ ዙሪያውን ጡብ ደርድራለታለች፤ ጡቡን በየጠዋቱ ትወለውላለች፣ ተክሏን ግን አትነካም። ክበቡም ውስጥ ገብታለች። «ይሄን ወንድሜን ከላስቲክ የሚጠብቀው ሰው ያስፈልገዋል» ብላ ነው የጀመረችው፤ አሁን ግን ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ትልቅ ቦርሳ አንግታ ከጊቢው ቀድማ የምትወጣው እሷ ናት። መስክ ላይ ጣቶቿ አረም ለመንቀል እያሳከኳት፣ እጆቿን ከኋላ ቆልፋ እንደ ጄኔራል ትራመዳለች። ደንበኛ በዝቶ ቅዳሜም ፀጉር ቤቱን መክፈት ሲኖርበት ፀጉር አስተካካዩ ሊቀር ይገደዳል፤ እሷ ግን ቀርታ አታውቅም።

ባለፈው ሐሙስ ልብስ ሰፊው ፀጉር ቤቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጉንጮቹ ሁለቱም በአረፋ ተሸፍነዋል። ላይ ወንበር ተጎተተ፤ እሱም በፍጥነት የፀጉር አስተካካዩን ክንድ ያዘ።

«ዛሬ ግማሹን ትተኸኝ አትሄድም!»

«አልሄድም። ዛሬ ተናጋሪዋ እትዬ ናት፤ አንተን ጨርሼ እወጣለሁ።»

«እትዬ? ተመለሰች እንዴ?» አለ ልብስ ሰፊው። «እስቲ ወንድሜ፣ እኔና አንተ ብቻ ነን፤ እውነቱን ንገረኝ። ለአንድ አረም ብለህ አልቅሰህ፣ ቀብረህ፣ እህትህን አባረርካት ይላሉ።»

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን በፎጣው ጠረገ።

«ውሸት ነው። አረም አይደለችም። አላለቀስኩም፤ በረኪና ነው። አልቀበርኩም፤ ዘርቻለሁ። እትዬንም አላባረርኳትም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጥላኝ የምትሄደው እሷ ናት። አሁን አፍህን ዝጋ፤ ከንፈርህ ጋ ደርሻለሁ።»