አርዜላ የቀባችው ቤዝ ጊታር

ቨርኔል ታርፕሊ ቤዝ ጊታሩን ሊሸጥ መሆኑን የሰማነው ከራሱ አፍ አይደለም። እሑድ ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት የተጠበሰ ዓሣና የበቆሎ ዳቦ ስንበላ የነገረችን ኦፊሊያ ናት፣ የሟች ሚስቱ እህት። እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ከዓሣው አጥንት ይለቅም ነበር።

«ጣቶቹ ከእንግዲህ ለዚሁ ነው የሚሆኑት» አለችን። «እሱንም ቢሆን ግማሹን አጥንት ይውጠዋል።»

ሳቅን። እሱም አብሮን ሳቀ። ባለፈው ክረምት ስትሮክ ግራ ጎኑን ከመታው ወዲህ ሁለት ጣቶቹ አልታጠፍ ብለውት ነበር። ያለ እነሱ ደግሞ ክር አይያዝም።

ግን የሚሸጠው ጣቶቹ ስለከዱት ብቻ አልነበረም። ሚስቱ አርዜላ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ መቃብሯ ላይ ያለው ግን እስከ ዛሬ ያቺው ቀብር አስፈጻሚዎቹ የሰኳት የቆርቆሮ ምልክት ናት። ስሟ የተጻፈበትን ወረቀት ዝናብ ገብቶበት ከሩቅ «አር» የሚለው ብቻ ይነበባል። ቨርኔል ከተማ ካለው ድንጋይ ጠራቢ ዘንድ አንድ ቀጥ ብሎ የሚቆም ግራጫ ድንጋይ አይቶ ነበር፤ ሁለት ጽጌረዳ የተቀረጸበት። ዋጋው አራት ሺህ ዶላር ነው። በየወሩ ጎራ እያለ ያልተሸጠ መሆኑን አይቶ ይመለሳል።

ቤዙን የገዛው በወጣትነቱ ሜምፊስ ውስጥ በየመጠጥ ቤቱ ሲጫወት ነው። ያኔ ደማቅ ቀይ ነበር። የሌሎች ሰዎች ስም በተጻፈባቸው ብዙ ሸክላዎች ላይ እሱ አለ፤ የእሱን ስም ግን የጻፈ የለም። በ1978 ወደ ጌታ ተመልሶ በቤተ ክርስቲያናችን ሊጠመቅ ሲመጣ፣ ሰውዬውን እንቀበላለን፣ ቀዩን ነገር ግን አንቀበልም አሉት። የዚያን ጊዜዎቹ የቤተ ክርስቲያናችን እናቶች፣ ቀዩ ነገር ከቨርኔል የበለጠ መጠጥ ቤት ያደረ ነው አሉ። ፓስተሩ አስታራቂ ሐሳብ አመጣ። የሚጠመቅ ሁሉ ነጭ ይለብሳል፤ ጊታሩም ነጭ ይልበስ።

አርዜላ በቤት ዕቃ ፋብሪካ ቀለም ክፍል ነበር የምትሠራው። ሃያ ሁለት ዓመት ቁም ሣጥንና የአልጋ ራስጌ ቀብታለች። ባሏ የቀለም ጣሳና ብሩሽ ገዝቶ ሲመጣ ከእጁ ነጠቀችውና ሱቁ መልስ አለችው። የኋላውን በረንዳ ይዛ፣ ከሥራ መልስ፣ አራት ቀን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገችው። ከዚያ አንድ ቅዳሜ አለቃዋን አስፈቅዳ ፋብሪካው ውስጥ ነጭ ረጨችው። በማግስቱ እንደ ሕፃን ታቅፋ ይዛው ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ያዩ ሰዎች ዛሬም አሉ። እስካለፈው ክረምት ድረስ ከመዝሙራችን ሥር የነበረው ድምፅ እሱ ነበር።

የኦፊሊያ ልጅ ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ካወጣችው በኋላ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ዊትከም የሚባል ሰው ከናሽቪል ድረስ መኪና ነድቶ ቨርኔል ቤት መጣ። ትሑት ሰው ነበር። በረንዳው ላይ ኮፍያውን አውልቆ ተቀመጠ፣ ኦፊሊያ የሰጠችውን ጣፋጭ ሻይ አመስግኖ ጠጣ፣ ከዚያ ካቻቢቴውን አወጣ። ከክሮቹ ሥር ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን ሲፈታ፣ ሽቦዎቹ በተቀመጡበት ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ቀይ ቀለም ታየ።

ጎንበስ ብሎ ቀረብ አድርጎ አየው።

«ሚስተር ታርፕሊ፣ ይኼ እኮ ጊታሩ ከተሠራበት ፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ቀለም ነው።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አወራ። የጊታሩ አንገት አንዴ ተሰብሮ የተጠገነ ባይሆን ዋጋው ሌላ ነበር። እንደገና የተቀባ ዕቃ ደግሞ ሰብሳቢዎች አይወዱም። ግን ናሽቪል ውስጥ የላይኛውን ቀለም በሙቀት እያላቀቀ የታችኛውን ሳይነካ የሚያወጣ ባለሙያ ያውቃል። ቀዩ ተመልሶ ከታየ ቤዙ እንደገና ተወለደ ማለት ነው። ስለዚህ በዚያ ተስፋ አራት ሺህ ሊከፍል ዝግጁ ነው። ገንዘቡን በፖስታ ይዞት ስለነበር ከሻይ ብርጭቆው አጠገብ አስቀመጠው።

ኦፊሊያ ከሽቦ ወንፊት በሩ ጀርባ ቆማ ነበር። የገንዘቡን ልክ ስትሰማ ዓይኗን ጨፍና አምላኳን እንዳመሰገነች ኋላ ነግራናለች።

ቨርኔል ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ አልቆ ነበር። ሰውዬው የጠየቀው ጥያቄ አልነበረም። ቨርኔልም ዝም ብሎ ነበር፤ ደህናውን እጁን ወደ ፖስታው እስከ ማንሳት ደርሷል።

«ደግነቱ» አለ ዊትከም ካቻቢቴውን እየጠራረገ፣ «እቤት የሚቀባ ሰው ሰነፍ ነው። አይፈገፍግም፣ ከላይ ለጥፎበት ይሄዳል። እኛን የሚያበላን የነሱ ስንፍና ነው።»

የቨርኔል እጅ ቆመ።

«የቀባችው ባለቤቴ ናት።»

«ይቅርታ፣ ክፉ አስቤ አይደለም…»

«ሰነፍ አልነበረችም። ከሥሩ ቀይ የለም። እንጨት ነው ያለው። ጉድጓዱ ውስጥ የቀረው ወረቀቱ አልገባላት ብሎ ነው። ሌላውን እዚሁ ኋላ በረንዳ ላይ አራት ቀን ሙሉ ፈግፍጋ እንጨቱ ድረስ አድርሳዋለች። አርዜላ በቀለም ላይ ቀለም አትቀባም።»

«ቨርኔል» አለች ኦፊሊያ ከውስጥ። እሱ አልዞረም።

ዊትከም ትንሽ ባትሪ አውጥቶ ብሎን የገባባቸውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ አበራባቸው። ነጩ በቀጥታ እንጨቱ ላይ ነው ያረፈው። ብዙ ሰዓት አልፈጀበትም።

«ጥሩ እጅ ነበራት» አለ በመጨረሻ። ከፖስታው አብዛኛውን መልሶ ኪሱ ከተተ። የሚሰጠው አንድ ሺህ አንድ መቶ ዶላር ነው፣ ያውም ረጅም መንገድ ስለመጣ።

«ነጩን ትልጠዋለህ?» አለው ቨርኔል።

«ከሥሩ ምን አገኝ ብዬ? እንዳለ የሚጫወትበት ሰው ይገዛዋል።»

ቨርኔል በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ቤዙን ሳጥኑ ውስጥ ያስተኛው ራሱ ነው። በአንድ እጅ መቆለፊያውን መዝጋት ስላቃተው ዊትከም ዘጋለት።

መኪናው ከሄደ በኋላ ኦፊሊያ ወጥታ ፊቱ ቆመች።

«እህቴ ሦስት ዓመት በቆርቆሮ ሥር ተኝታ፣ አንተ እዚህ ስለ ብርጭቆ ወረቀት ትሟገታለህ?»

«ሰነፍ ሲላት ሰምተሻል።»

«የማያውቃት ሰው ነው እኮ!»

«ለዚያ ነው የነገርኩት።»

ለሁለት ሳምንት አላናገረችውም። በቤተ ክርስቲያን እንኳን ከመተላለፊያው ወዲያና ወዲህ ሆነው ተቀመጡ። ኦርጋኑና ከበሮው አሉ፣ መዘምራኑም አሉ፤ ግን እግራችን ሥር ቤዙ ያርገበግበው የነበረው ወለል አሁን ዝም ይላል።

ያ ገንዘብ የገዛው መሬት ላይ የሚነጠፍ ዝርግ ድንጋይ ነው። ስሟ፣ የተወለደችበትና የሞተችበት ዓመት፤ ጽጌረዳ የለውም። ሣር ማጨጃው በላዩ ያልፋል፣ በየሳምንቱም ቁርጥራጭ ሣር ያለብሰዋል። ቨርኔል ማጎንበስ ስለማይችል በጫማው ጫፍ ይጠርገዋል፣ ፊደሎቹ ውስጥ የገባውን ግን ማውጣት አይችልም።

ኦፊሊያ ያን አይታ ነው የታረቀችው። ጉልበቷን እያማረረች ተንበረከከችና ከእያንዳንዱ ፊደል ውስጥ ሣሩን በጥፍሯ አወጣች። ከዚያ የድንጋዩን ዳር በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«አላለሰለሱትም» አለች። «አርዜላ ብትሆን መልሱ ትላቸው ነበር።»

ቨርኔል ደህናውን እጁን ዘርግቶ አነሳት፤ እሱም ሊወድቅ ደርሶ ነበር፣ ተደጋግፈው ቆሙ።