ከሶል የተጀመረው የማንጎ መዝሙር

ዐርዋ ሰውን የምትመዝነው በእጁ ሥራ ነው። ልብስ ስፌት ስትሠለጥን የያዛት አመል ነው፤ የተጣመመ ስፌት ካየች ሰፊውን ከነዘመድ አዝማዱ ትንቃለች። የስፌቱ ገበያ ሲቀዘቅዝ አሶሳ ውስጥ በአንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት ረዳት መምህርት ሆና ገባች። ንቀቷንም ይዛው ገባች።

ዘንድሮ የትምህርት ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ አሰለፈች ፒያኖ ገዙ። ፒያኖ ይበሉት እንጂ በሶኬት የሚሠራ ኪቦርድ ነው። ሁለቱን ረዳቶች፣ ዐርዋንና እንዳለን፣ ጠሩ።

"የማስቀረው አንዳችሁን ነው" አሉ። "እኔ የደረስኩትን የማንጎ መዝሙር በፒያኖ ልጆቹን ያዘመረ የሙዚቃ መምህር ይሆናል። ሌላው ይሰናበታል።"

የዐርዋ አፍ መፍቻ በርታኛ ነው፤ ስትናደድ አማርኛዋ ውስጥ ሴትና ወንድ ይደበላለቃል። "ይሄ ሴትዮ አብዷል!" እያለች ወጣች።

እንዳለ ቁልፎቹ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ፕላስተር ለጣጥፎ፣ የስልክ ቪዲዮ እያየ መቀጥቀጥ ጀመረ። ዐርዋ አንዴ አየችውና በቃት። "ፒያኖ ይጫወታል ወይስ ስልክ ይደውላል?" አለች።

እሷ የሄደችው ጋሽ ሰራዊት ዘንድ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በማርሽ ባንድ ጥሩምባ ነፍተው ጡረታ የወጡ፣ ከወሎ የመጡ የሰፋሪ ልጅ ናቸው። ቤታቸው አሮጌ ኪቦርድ አለ፤ ግን አላስነኳትም።

"ፒያኖውስ?"

"ፒያኖው የትም አይሄድም። መጀመሪያ አንቺ ፒያኖ ትሆኛለሽ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ። ዝፈኚ!"

"ጋሽ ሰራዊት፣ ስፌት ስማር መምህሬ እንደ ማሽን ጩኺ አላለኝም።"

"ለዚህ ነዋ ገበያ ያጣሽው። በይ፣ ላ በይ።"

"ላ!"

"ይሄ መቆጣት ነው፤ ዝፈኚው።"

"አልዘፍንም ማለቴ ነው።" በዐርዋ ቤት ከዓረብኛ የተወሰደችው "ላ" እምቢታ ናት። ጋሽ ሰራዊት እስኪያስላቸው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

ከሁሉ የናቀችው ዶአቸውን ነው። አንድ ቀን ወፈር ባለ ድምፅ ዶ ብለው ያስጀምሯታል፤ በሌላው ቀን ቀጠን ባለ። የትናንት ዶውን የማይደግም ሰው አስተማሪ ነኝ ይላል!

"ዶ ጠፋብዎት እንዴ?" አለቻቸው።

"ዶ እኮ ድንኳን ነው፤ ደስ ያለሽ ቦታ ትተክይዋለሽ። ሌሎቹ ራሳቸው ይከተሉታል።"

ሜትር የሌለው ልብስ ሰፊ መሰሏት። ቢሆንም ሌላ የሚያስተምር ስለሌለ እያጉረመረመች ዘፈነች። የማንጎውን መዝሙር በዶ ሬ ሚ አጥርታ ከዘፈነችው በኋላ ቁልፉን ሲያስነኳት፣ ቀኝ እጇ ብዙም ሳትለፋ ተከተላት። ምስጋናውን ለጣቷ ሰጠች።

የፈተናው ቀን እንዳለ ቀደመ። ኪቦርዱ በራሱ ከበሮ እንዲመታ የሚያደርገውን ቁልፍ ተጫነ፤ ክፍሉ ደመቀ፤ ወይዘሮ አሰለፈች በወንበራቸው ተመቻቹ። ከመካከለኛው ዶ ጀመረ። መዝሙሩ "ከቅርንጫፉ ጫፍ ነሽ" የሚለው ጋ ሽቅብ ይወጣል፤ እዚያ ሲደርሱ ልጆቹ ጮኹ እንጂ አልዘመሩም።

"ኧረ ዝቅ አድርገው!" አሉ ወይዘሮ አሰለፈች።

ወደ ታችኛው ዶ ወረደ። አሁን ደግሞ ልጆቹ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ አጣብቀው ማጉረምረም፣ ቀጥሎም መሳቅ ጀመሩ።

"እኔ ልክ ነኝ" አለ እንዳለ ከፕላስተሩ ቀና ሳይል። "የሳቱት እነሱ ናቸው።"

ዐርዋ ተቀመጠች፤ ቁልፍ ግን አልነካችም። "እስቲ ግቢ ውስጥ እንደምትዘምሩት ዘምሩልኝ" አለቻቸው። ልጆቹ በለመዱት ድምፅ ጀመሩ። በአንድ ጣት ድምፃቸውን ፈለገችው። ያገኘችው ከመካከለኛው ዶ በታች፣ ሶል ላይ ነው።

መዝሙሩን ከዶ እንጂ ከሌላ ቁልፍ ጀምራው አታውቅም። ጋሽ ሰራዊት፣ ድንኳኑን ሶል ላይ ከተከልሽ ሲ ጥቁር ቁልፍ ትጠይቅሻለች ብለዋታል፤ ጥቁሮቹን ደግሞ ገና አልተማረችም። መዝሙሩን በሹክሹክታ ከዳር እስከ ዳር ዘፈነችው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ተመልሶ ዶ። ሲ የለችም! ወይዘሮ አሰለፈች ሳያውቁት ዘለዋታል።

ሶልን ዶ ብላ ጀመረች፤ ድምፅዋ እየመራት ጣቶቿ በነጭ በነጩ ሄዱ። ልጆቹ የቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ሳይጮኹ ደረሱ።

"በአንድ እጅ ብቻ?" አሉ ወይዘሮ አሰለፈች። "እንዳለ እኮ ከበሮ ሁሉ ነበረው።"

"ከበሮውን የመታው ፋብሪካው ነው፣ እትዬ። ወላጅ የሚመጣው ለልጁ ነው ለከበሮው?"

ሴትዮዋ ወደ ልጆቹ ዞሩ። ማንም ሳያዛቸው መዝሙሩን እንደገና ጀምረውታል።

"ሥራው ያንቺ ነው" አሉ ቅር እያላቸው። "ለወላጆች ቀን ግን በሁለት እጅ፤ አለዚያ እንዳለን እጠራዋለሁ።"

እንዳለ ጾሬ የስደተኞች ካምፕ መምህር ይፈልጋሉ እያለ ወጣ። ዐርዋ ዞራም አላየችው።

በነጋታው ጋሽ ሰራዊት ደጅ ቆመች። ምስጋና ከአፏ አልወጣም። "ግራ እጅ ያስተምሩኝ" አለች።

"የግራ እጅ ዜማ ወፍራም ድምፅ ይፈልጋል።"

"ወፍራም ድምፅ የለኝም።"

"እናወጣዋለን።"

ዐርዋ ከእግር እስከ ራሳቸው ገላመጠቻቸው። ከዚያ ገብታ ተቀመጠችና ጉሮሮዋን ጠረገች።