የተርቦው ቱቦና የአያቴ ችኮላ

የጋለ ብረት ላይ የሚንጠባጠብ የሞተር ዘይት ሽታ ዛሬም በድንገት አፍንጫዬን ሲመታኝ መቀመጫ ያሳጣኛል፤ ያ ክረምት፣ ፍኖተ ሰላም ያለው ግቢያችንና ኮፈኑ ተከፍቶ የቆመው የአባቴ አሮጌ የናፍጣ መኪና ባንዴ ይመጡብኛል።

የእናቴ አባት የቅኔ መምህር ነበሩ። ሐምሌ ላይ ከቡሬ ወዲያ ካለው ደብራቸው «ዓይኔን ልታይ» ብለው መጡና፣ ብቻቸውን ሐኪም ቤት ደርሰው ተመልሰው «ደህና ነኝ» አሉን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መቀመጥ አልቻሉም። «ጭቃው እንዳያዳልጠኝ» እያሉ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጥለው ግቢውን ሲዞሩ ይውሉ ነበር።

«ሳይመሽብኝ ልድረስ» ይሉ ነበር፣ ገና በጠዋቱ።

ነሐሴን ሙሉ መኪናው አልተነቃነቀም። ተርቦው፣ ማለትም ለሞተሩ አየር የሚገፋለት ክፍል፣ ዘይት የሚያገኝበት ቀጭን የብረት ቱቦ ተሰንጥቆ፣ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ግቢያችንን በጭስ ያፍነው ነበር። አባቴ ሹፌር እንጂ መካኒክ አልነበረም፤ መኪናውን ለሌላ ሰው እጅ መስጠት ግን አይሆንለትም። ከቡሬ ወዲያ ያለውን ጭቃ አያቴ በእግራቸው ስለማይችሉት አውቶቡስም መላ አልሆነም። አባቴ አዲሱ ቱቦ ከባሕር ዳር እስኪላክለት ሲጠብቅ፣ አያቴ በቀን ሦስት ጊዜ ወደ ሞተሩ ጠጋ ብለው «ይህች መኪናህ እንደ ሰነፎቹ ደናግል ዘይት አልቆባት ከሠርጉ ልታስቀረን ነው» ይሉታል። አባቴ ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም ነበር።

ቱቦው በጳጉሜን የመጨረሻ ቀን አመሻሽ ላይ ደረሰ። አባቴ አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን አስገባ። ዘይቱን ከተርቦው ወደ ታች የሚመልሰው የጎማ ቱቦም ደርቆ ተሰነጣጥቆ ስለነበር እናቴ አይታው «ይኸኛውስ?» አለችው። እሱን ለመግዛት የእንቁጣጣሽ ማግስት ሱቅ እስኪከፈት መጠበቅ ነበረበት። አያቴ ግን በዚያ ማግስት ገና ጎህ ሲቀድ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከበሩ ቆመዋል።

«እሱስ ያደርሰናል» አለ አባቴ ኮፈኑን እየዘጋ።

አላደረሰንም። አባቴ፣ አያቴና እኔ ማንኩሳ ስንደርስ ጭሱ መኪናውን ሞላውና አባቴ ሞተሩን አጥፍቶ ወርዶ ከሥር አየ። የጎማው ቱቦ ተቀዶ ዘይቱ ሁሉ ጠጠሩ ላይ ፈስሷል። ቀና ብሎ አማቱን ማየት አቃተው።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ አባባ። አይቼው ቸኩዬ ተውሁት።»

«ያስቸኮልሁህ እኔ ነኝ» አሉት። «ሂድና አምጣ፤ እንጠብቅሃለን።»

አባቴ ባገኘው መኪና ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለሰ። እኔና አያቴ መንገዱ ዳር ተቀመጥን። ሜዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢጫ ሆኗል።

«አባባ፣ አደዩ እንዴት ያምራል!»

«ወዴት ነው?» አሉኝ።

ከእግራቸው ሥር ጀምሮ ዙሪያችንን ከቦን ነበር። አንዷን ቀጥፌ መዳፋቸው ላይ አኖርኩ። እንዳወቅሁባቸው ገባቸው።

«ለእናትሽ አትንገሪያት፣ ልጄ። ሐኪሙ ዓይንዎ አይድንም ብሎኛል። የተማሪዎቼን ፊት አንድ ጊዜ ሳላይ እንዳይጨልምብኝ ነው።»

«ሳይመሽብኝ» ሲሉት የከረሙት ምሽት የትኛው እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ከዚያ ወዲያ መቀመጥ ያቃተኝ እኔ ሆንኩ፤ የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ብድግ እያልኩ ወደ መንገዱ እሮጥ ነበር።

አባቴ ቱቦውንና አንድ ጀሪካን ዘይት ይዞ የመጣው ቀትር ላይ ነው። ጠጠሩ ላይ በጀርባው ተኝቶ፣ ክንዱ በዘይት እየጠቆረ ቀየረው። ደብሩ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ተማሪዎቹ እየሮጡ ወጡ። አያቴ የእያንዳንዱን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ ስሙን እየጠሩ ረጅም ጊዜ አዩ። አባቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሲያያቸው ቆየና፣ የሆነው ሲገባው እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ጥምቀት ሲደርስ አያቴ ታቦቱን የሸኙት ሳያዩት፣ ዝማሬውን በመስማት ብቻ ነበር።

ዛሬ መንገዱ አስፋልት ነው፣ መሪውን የምይዘውም እኔ ነኝ። መኪናዬ አንዲት ቀይ መብራት ካበራች ለጋራዥ ሰጥቼ፣ ስልኬን እየነካካሁ፣ አሥር ጊዜ ሰዓት እያየሁ እጠብቃለሁ። ያኔ ችኮላችን የሚደርስበት ቦታ፣ የሚደርስለትም ሰው ነበረው። ዛሬም እቸኩላለሁ፤ ወዴት እንደሆነ ግን ሰው ቢጠይቀኝ ቶሎ የምመልሰው የለኝም።