የአክስቴ ምንኩስና

ዛሬ ጎንደር በምሠራበት ክሊኒክ አንዲት መነኩሲት ተራ ሲጠብቁ በሶ ጨበጡ። ሽታው ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

እንደ እናት ያሳደገችኝ አክስቴ፣ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ መነኮሰች። አባቴ ሊያሳየኝ ገዳሟ ወሰደኝ። ስንደርስ አክስቴ አንዲት የሙት ልጅ አቅፋ በሶ ታጎርሳለች፤ ልጅቷም «እናቴ» ትላታለች። ሮጬ በሶውን ከልጅቷ እጅ ነጠቅሁ።

አክስቴ አልተቆጣችም። «መነኮሰ ማለት ለዓለም ሞተ ማለት ነው፤ የሞተ ሰው ደግሞ የማንም አይደለም» አለችኝ።

«ምነው ታዲያ የእሷ ሆንሽ?»

በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

አሁን ክሊኒኩ ውስጥ መነኩሲቷን ደግፋ የመጣችውን ወጣት እያየሁ፣ «ልጅዎ ናት?» አልኳቸው።

«ገዳም ያሳደግኋት ናት» አሉኝ በኩራት።

ይህን ያህል ዓመት ኖሬ፣ በማላውቃት ልጅ ቀናሁ።